ከወታደሩ ፎቶ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ከፋሲል ግንብ አጠገብ ወዳለው ፒያሳ ወጣሁና አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ገባሁ። ልጅቱ ዕድሜዋ ሃያ ቢሞላ ነው፤ ገና ነጠላዬን ሳላስተካክል ፎቶውን አንስታኝ ጨረሰች። ፊቴን ኮምፒውተሩ ላይ ዘርግታ እያየች፣ «እማማ፣ እዚህ ዓይንዎ ሥር ያለውን ትንሽ ላጥፋልዎት?» አለችኝ። ምኑን ብላት የተጨማደደውን ነው አለች። ተዪው የኔ ልጅ፣ እሱን ለማምጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል አልኳት። ሳቀችና ተወችው። ነገር ግን ደግ ሆና ይሁን እጇ ለምዶባት እንጃ፣ ሳትጠይቀኝ ጉንጬን በመጠኑ አቀላችው። አይቼ ዝም አልኳት። እኔም ከእሷ ባነስኩበት ዕድሜ፣ እዚያው ፒያሳ፣ ከእሷ ቤት ምናልባት መቶ እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ የሰው ጉንጭ ማቅላት ሥራዬ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ፀሐይ ግባት የስንት ሙሽራ፣ የስንት ወታደር፣ የስንት ደብተራ ጉንጭ እንዳቀላሁ እግዜር ይወቀው።

ያኔ ባለ ቀለም ፎቶ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ፎቶ ማለት ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም የሚፈልግ በእጅ ይቀባለታል። የጋሽ አድማሱ ፎቶ ቤት ከጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት ነበር፤ በቀኙ ልብስ ሰፊ፣ በግራው ኬክ ቤት። ከኬክ ቤቱ የሚወጣው የቦምቦሊኖ ሽታ ፎቶ ከሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ከሚወጣው የመድኃኒት ሽታ ጋር ተደባልቆ ስለሚኖር፣ እስከ ዛሬ ቦምቦሊኖ ስበላ አፌን ፎቶ ፎቶ ይለኛል። ጉርድ ፎቶ ሦስቱ በአንድ ብር ከሃምሳ፣ ሙሉ ቁመት ሁለት ብር፣ የተቀባ ከሆነ ስሙኒ ይጨመርበታል። በከተማው እግሩ የሰፋ ሱሪ የሚለበስበት፣ ጠጉር እንደ ጎመን ጭንቅላት የሚከመርበት፣ የሴቶች ጫማ ተረከዝ ከድንጋዩ መንገድ ጋር የሚጣላበት ዘመን ነበር። ከማዶ ያለው ሻይ ቤት አንድ ሸክላ ደጋግሞ ያጫውት ስለነበር ዘፈኑ የቱ ጋ እንደሚንቋቋ ሁላችንም በቃላችን እናውቀው ነበር፤ እዚያ ቦታ ሲደርስ ልብስ ሰፊው እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቶ ይጠብቃል፣ ዘፈኑ ሲያልፍ መስፋቱን ይቀጥላል።

ጋሽ አድማሱ ከሚነሣው ሰው ጀርባ የሚዘረጉ ሁለት የተሳሉ መጋረጃዎች ነበሯቸው፤ አንዱ ላይ አውሮፕላን፣ አንዱ ላይ መርከብ። ሰው የፋሲልን ግንብ አልፎ መጥቶ አውሮፕላኑ ፊት ይቆማል። አንድ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ተናደው የግንቡን ሥዕል አሠርተው ሰቀሉ። አንድም የመረጠው አልነበረም። ከማክሰኝት የመጡ አንዲት እናት፣ ግንቡንማ አሁን ስመጣ አየሁት፣ ያን የሚበረውን አድርግልኝ አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ ተጠቅልሎ ከበር ኋላ ቆመ።

እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱን የምትመራው እናቴ ናት። እናቴ ቀሚስ ትጠልፋለች፤ ከጎኗ ተቀምጬ ክር ስመርጥላት ስላደግሁ ዓይኔ ቀለም ያውቅ ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን የሳልኩትን ካርታ አይተው ለጋሽ አድማሱ ነገሩልኝ። እሳቸውም ፎቶ የምትቀባላቸው ሴት ባል አግብታ መተማ ሄዳባቸው ተቸግረው ነበርና እናቴን ሊያስፈቅዱ ሰፈራችን ቀሃ ድረስ ወረዱ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በረንዳችን ላይ ቆሙ። እናቴ ጥያቄ አበዛችባቸው፤ በሩ ይዘጋል ወይ፣ የምትቀመጠው የት ነው፣ ስንት ሰዓት ትወጣለች። በሩ ቀን ሙሉ ክፍት ነው፣ የምትቀመጠው መስታወቱ ሥር መንገደኛው ሁሉ እያያት ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትወጣለች ብለው ማሉላት። በዚህ ተስማሙ።

ሥራው ቀላል ይመስላል እንጂ አልነበረም። ጥጥ በቀጭን እንጨት ጫፍ ይጠቀለልና ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ በጣም በትንሹ፣ ትንፋሽ ተይዞ፣ ፎቶው ላይ ይታሻል። ቀይ ከበዛ ሰውዬው የተመታ ይመስላል፤ ካነሰ የታመመ ይመስላል። የጥበቡ ጥለት፣ የከንፈሩ ወዝ፣ የሰማዩ ሰማያዊ ለየራሱ ነው። ጋሽ አድማሱ መጀመሪያ ያበላሸሁትን አንድ ሙሽራ አይተው አልተቆጡም። እንደገና አተሙልኝና፣ ሰውየው ደስ ብሎት ነው የተነሣው፣ ደስታውን እንዳትሸፍኚበት አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቀለም በያዝኩ ቁጥር ይህ ቃላቸው ትዝ ይለኛል። እንደ እሳቸው ያለ የሥራ አለቃ በኋላ በሠላሳ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ አላጋጠመኝም።

በዚያ ዘመን ፎቶ ያለ ጽሑፍ አይሰጥም። ከጀርባው «ለማስታወሻ» ይባልና ሁለት ሦስት መስመር ይጻፍበታል። የጋሽ አድማሱ እጅ ጽሑፍ ግን ራሳቸው እንኳ የማያነቡት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ከእኔ ፊት ለፊት፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ አንድ ቀጭን ልጅ ተቀምጧል። ልሳነወርቅ ይባላል፤ ከእኔ አንድ ክፍል ይበልጣል። አባቱ የአጥቢያችን መሪጌታ ናቸው። ጠዋት ዘመናዊ ትምህርት ይማራል፣ እሑድ እሑድ አባቱ ዘንድ ይውላል፤ ብራና ላይ ቁም ጽሕፈት ሲጽፍ ስላደገ ፊደሉ የታተመ ይመስል ነበር። ሸራ ጫማው በነጭ ጠመኔ ተወልውሏል፣ ሸሚዙ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል። እጅ ነሣኝ፣ እጅ ነሣሁት። በዚያው ቀን ተጣላን።

የተጣላነው እንዲህ ነው። እኔ አንዲት የአዘዞ ሙሽራ ቀብቼ እንዲደርቅ አስቀምጫለሁ። እሱ ከጀርባው ሊጽፍ ፎቶውን አንሥቶ በፊቱ ደፋው። ሲያነሣው የሙሽራዋ ጉንጭ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ያን ቀን ያልኩትን አሁን መድገም ያሳፍረኛል፤ ቤተ ክህነት ብቻ የሚያውቅ ሰው በሰው ፊት ላይ ምን አገባው እስከማለት ደርሻለሁ። እሱ ጠረጴዛውን በእጁ መዳፍ ጠርጎ ሄደ። በማግስቱ ሲመጣ ግን ሌሊቱን ሲያስብበት ያደረ ይመስላል፤ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ በፊት ልጻፍ፣ አንቺ በኋላ ቀቢ» አለ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለእኔም ለጋሽ አድማሱም አልታየንም ነበር። ከዚያ በኋላ ፎቶው ሁሉ መጀመሪያ በእሱ እጅ፣ ቀጥሎ በእኔ እጅ ያልፋል። በዚህም የተነሣ እሱ የሚጽፈውን ሁሉ ከባለቤቱ ቀድሜ የማነበው እኔ ሆንኩ።

ብዙው ሰው የሚጻፈውን አያውቅም። ምን ልበል፣ አንተ ታውቃለህ፣ ሸጋ አድርገህ ጣፍልኝ ይላሉ። ልሳነወርቅም ይጠይቃቸዋል፤ ለማን ነው፣ የት ነው ያለች፣ ከተያያችሁ ስንት ጊዜ ሆነ። አንድ ከድብ ባሕር የመጡ ገበሬ ለታመመች እህታቸው ፎቶ ሲልኩ፣ እሱ በሁለት መስመር የጻፈውን ሳነብ ጥጤን አስቀምጬ ጥቂት ቆየሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ከየት እንደሚያገኘው ይገርመኝ ነበር። ቁጣዬ መቼ እንደለቀቀኝ አላወቅሁም። ብቻ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ፒያሳ ስወጣ እየተጣደፍኩ መሆኔን ልብ አልኩ።

ከዚያ ወታደሩ መጣ። ታደገ ይባላል፤ አዘዞ ካምፕ የነበረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን ቀስ ያለ ልጅ ነው። ማክሰኝት አለምነሽ የምትባል ያጫት ልጅ አለችው፣ ፎቶ ሊልክላት ፈልጓል። አውሮፕላኑ ፊት ቀጥ ብሎ ተነሣ። ሊጻፍ ሲሆን ግን አንድ ቃል ጠፋው። ልሳነወርቅ ቢጠይቀው ቢጠይቀው፣ ጥሩ ልጅ ናት ከማለት በቀር ሌላ አልወጣውም። በመጨረሻ፣ ወንድሜ አንተ ቃል ስጠኝ፣ ብሎ ለምኖት ሄደ። በሁለተኛው ቀን ፎቶው እኔ ዘንድ ደረሰ። መለዮውን አረንጓዴ ልቀባ ይዤ፣ እንደ ልማዴ ገልብጬ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«ለማስታወሻ ለአለምነሽ። ሥራሽ ላይ አጎንብሰሽ፣ ምላስሽን በከንፈርሽ ጥግ ብቅ አድርገሽ ያየሁሽ ዕለት በእጄ የያዝኩትን ረሳሁ። ጣትሽ ጫፍ ላይ የቀረው ሰማያዊ ቀለም በውኃ እንዳይለቅ እመኛለሁ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ምንም አልገባኝም። አለምነሽ አክርማ ነክራ ሞሰብ የምትሰፋ ልጅ መሰለችኝ። እንዴት ደስ ይላል፣ ወታደሩ ለካ ተናግሯል ብዬ መለዮውን ቀባሁ፤ ጉንጩንም ከወትሮው በላይ ተጠንቅቄ አሳመርኩለት። ማታ ቤት ሆኜ እናቴን ጥልፍ ሳግዛት፣ «ምላስሽን አስገቢ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ» አለችኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በየቀኑ የምትለኝ ነገር ነው። ቀና ብዬ እጄን አየሁት። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ የታጠብኩት ጣቴ ሰማያዊ ነው። መርፌው ከእጄ ወደቀ። እናቴ ምን ሆንሽ አለችኝ፤ ወጋኝ አልኳት።

በማግስቱ ጠረጴዛው ጋ ስቀመጥ ከንፈሬን ገጥሜ ነው። አፌን ዘግቼ ስቀባ እጄ እምቢ አለኝ፤ አንድ ደብተራ ጺማቸውን በሰማያዊ ቀባኋቸው። ልሳነወርቅ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ገባው። ጆሮው ቀላ፤ እንደዚያ ያለ ቅላት ከቀለም ሣጥኔ ውስጥ አልነበረኝም። ስንወጣ ግን ያልተለመደ ነገር ሆነ፤ በዚያው መንገድ አብሮኝ ወረደ። አብሮኝ ስል እሱ በግንቡ ጥግ ሥር፣ እኔ በማዶው ጠርዝ፣ መሐላችን ጋሪና በግ እያለፈ ነው። ሰው ቢያየን ሁለት የማይተዋወቁ መንገደኞች ነን። ጽዶቹ ሥር ስንደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወታደሩ ፎቶውን ወሰደ ወይ አለኝ። ትናንት ወሰደ አልኩት። ከዚያ እስከ ቀሃ ድረስ እንደዚያው ወረድን። ሊያስመልሰው ፈልጎ እንደነበር፣ አዘዞ ድረስ በእግሩ ሄዶም ፎቶው በአንድ ነጋዴ እጅ ማክሰኝት መላኩን እንደሰማ የነገረኝ በኋላ ነው። እንዲህ ለሦስት ሳምንት ያህል በየዕለቱ መንገዱን ለሁለት ከፍለን ወረድን። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ምንም አልተባለም፣ ሁሉም ነገር ግን ተብሏል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ፒያሳን ሞልቶታል። አንዲት ዘንካታ ልጅ ከአንድ ሽበታም ሰው ጋር ገባች። ኋላቸው ታደገ ራሱ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ልጅቱ አለምነሽ ናት፤ ሰውየው አጎቷ አያ ደስታው ናቸው። አያ ደስታው ፎቶውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔና በልሳነወርቅ መካከል አስቀመጡት። ነገሩን በዝግታ አስረዱ። ፎቶው ሲደርስ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ተማሪ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበው። የወንድማቸው ልጅ ገበሬ ናት፤ ቀለም በእጇ ነክቶ አያውቅም። ምላሷንም አታወጣም። ስለዚህ ስሙ የእሷ ቢሆንም ቃሉ የሌላ ሴት ነው፤ ወታደሩ ለሁለት ሴት ሲያስጽፍ ቃሉ ተለዋውጦበታል። ሌላ ሴት ያለው ሰው ደግሞ የእነሱን ልጅ አያገባም። እጮኝነቱን በምስክር ፊት ሊያፈርሱት መጥተዋል።

ታደገ እየተንተባተበ ማለ። እኔ እንዲህ ጻፍ አላልኩም፣ ቃል ስጠኝ ብቻ ነው ያልኩት አለ። የሚያምነው አልነበረም። አለምነሽ አውሮፕላኑን እያየች ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። በሩ ክፍት ስለሆነ ልብስ ሰፊውም፣ ከኬክ ቤቱ የወጡትም፣ መንገደኛውም አንገቱን አስገብቷል። ጋሽ አድማሱ ሁኔታውን አዩ። ብልህ ሰው ናቸው፤ ሁላችንንም የሚያወጣ መንገድ ፈለጉና ወደ ልሳነወርቅ ዞረው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይኸ ከመጽሐፍ የቀዳኸው ቃል ነው አይደል፣ ልጄ?» አሉት።

አዎ ቢል ያበቃ ነበር። ወታደሩ ይድናል፣ አለምነሽ ዕንባዋን ትጠርጋለች፣ እኔና እሱ ነገም በመንገዱ ማዶና ማዶ እንሄዳለን። በልቤ አዎ በል፣ አዎ በል እያልኩ ነበር። ልሳነወርቅ ብዕሩን አስቀመጠና ተነሣ። ሲነሣ ወንበሩ ተንቋቋ።

«አይደለም ጋሼ» አለ። «ከመጽሐፍ አልቀዳሁትም። ታደገ ቃል ስጠኝ ብሎ ሲለምነኝ የራሴን ሰጠሁት። የጻፍኩት ስንዱን እያየሁ ነው። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ሌላ ሴትም የለችውም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ስንዱ እኔ ነኝ። ቤቱ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እጄን ጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ። አለምነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፤ «እስቲ እጅሽን አሳይኝ እህቴ» አለች። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። አወጣሁላት። ጣቶቼን አንድ በአንድ ገልብጣ አየቻቸው፤ ሰማያዊው እንደነበረ አለ። ከዚያ ሳቀች። ዕንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ እጄንም አልለቀቀችኝም። አጎቷም ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሳቋን ስትጨርስ ግን ወደ ታደገ ዞረችና ፊቷ ተለወጠ። የአንተስ ቃል የት አለ፣ ለእኔ የምትለው ነገር የለህም ወይ አለችው። ታደገ ቆቡን አጣመመው፣ አቃናው። ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ፣ «ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ሳለ፣ አንቺ የዚያችን አሮጊት ቅርጫት ተሸክመሽ፣ እሷን በእጅሽ ይዘሽ አሻገርሻት» አለ። «ያን ቀን ነው ሄጄ ለአባቴ የነገርኩት።»

አያ ደስታው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይኸማ ሸጋ ነገር ነው፤ ምነው ይህንን አታስጥፍም ኖሯል?» አሉት። ጋሽ አድማሱ ሌላ ፎቶ አተሙ። ልሳነወርቅም ወታደሩ ያለውን ቃል በቃል፣ አንድ ፊደል ሳይጨምር ጻፈ፤ እኔ ቀባሁት። ሁለቱ በዚያው ዓመት ተጋቡ፤ ሠርጋቸው ላይ ጋሽ አድማሱ ካሜራቸውን ይዘው ሄደው በነጻ አነሷቸው።

የእኛ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ቅዳሜ ፒያሳ የተነገረ ነገር ከእኔ ቀድሞ ቀሃ ደርሷል። ቤት ስገባ እናቴ ጥልፏን እጥፍ አድርጋ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ብቻ ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት አለች። ጋሽ አድማሱ ሁለት ጊዜ መጥተው ለመኗት፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ምንም ያየሁት ነውር የለም አሏት፤ አልሰማቻቸውም። ሁለት ሳምንት ቤት ዋልኩ። ያ ሰማያዊ ቀለም በዚህ መሐል ለቀቀ፤ ሲለቅ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ልጃቸውን አስከትለው ደጃችን ቆሙ። እናቴ ደነገጠች፤ ወንበር አቀረበች። እሳቸው ተቀመጡ፣ ልሳነወርቅ በሩ አጠገብ ቆመ። መሪጌታ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አባቴ መንገድ ጠየቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ወይዘሮ፣ ልጄ ልጅዎን መውደዱን አልነቅፍም፤ ዕድሜው ነው። እኔ የነቀፍኩት የልቡን ቃል በሰው ስም መስጠቱን ነው። በዚያ ምክንያት የሰው ትዳር ሊፈርስ ነበር። አሁን በራሱ ስም ጽፏል። እርስዎ ፊት ያነበዋል፤ ከዚያ የፈለጉትን ይፍረዱ።»

ልሳነወርቅ ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። ለሰው ሁሉ እንዲያ ያለ ቃል ሲያወጣ የኖረ ልጅ፣ የራሱ ሲሆን ይህን ብቻ ነበር የጻፈው፤ «እኔ ልሳነወርቅ ስንዱን እወዳታለሁ። ለታደገ የጻፍኩት ለእሷ ነበር። ምላሷን ስለማውጣቷ በመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» አነበበና ወረቀቱን አጠፈው። እናቴ ፊቷን ወደ ጥልፏ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። መሪጌታም አይተዋታል፣ ግን ያላዩ መሰሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺስ ልጄ?» አሉኝ። ያዘጋጀሁት ነገር የለም። «እኔም» አልኩ።

እናቴ ፈረደች። ሁለታችንም ትምህርታችንን እስክንጨርስ ስለ ሌላ ነገር አይወራ፤ ሥራዬን ግን ልመለስ፤ በሩ ክፍት ይሁን፤ መንገዱንም እንደ ሌቦች ለሁለት ከፍለን ሳይሆን እንደ ሰው አብረን እንውረድ። ያን ለሁለት ከፍለን መውረዳችንን ለካ መላው ቀሃ ያውቀው ኖሯል። ልጆቼ ዛሬ ይህን ሳወራላቸው፣ አንድ ሰው መልእክት ልኮ መልስ ሳይመጣለት አሥር ደቂቃ ካለፈ የሚጨነቁት ልጆቼ፣ እናትሽና የእሱ አባት እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው ይሉኛል። እኔም እላለሁ። ሁለቱም ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክህነትና በጥልፍ ነው፤ የሁለት ልጆችን ልብ ግን ሳይሰብሩ በእጃቸው ይዘው አስቀመጡት።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲያ አለፈ። አብረን ሠራን፣ አብረን ወረድን፤ እኔ ምላሴን አወጣሁ፣ እሱ አይቶ ሳቀ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ አባቱ ከድሮ የተመኙለትን፣ እሱም የፈለገውን የቅኔ ትምህርት ፍለጋ ጎጃም ወረደ። ደብዳቤ በመንገደኛ እጅ ይመጣ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጨረሻው መጣ። እዚያው መቅረት እንደሚፈልግ፣ የቅኔ መምህር ለመሆን ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረው፣ ጠብቂኝ ብሎ ወጣትነቴን ሊያስፈጀኝ ልቡ እንዳልፈቀደ፣ ይህን ደጋግሞ አስቦ እንደጻፈው ይናገራል። እንደ ልማዱ ምንም አልደበቀኝም። አንድ ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ፤ ጉድለት ላገኝበት ብዙ ጊዜ አነበብኩት፣ አጣሁበት። ከዚያ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ድብ ባሕርም ተመደብኩ።

እዚያ በላይን አገባሁ። በላይ የግብርና ሠራተኛ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከገበሬ ማሳ ገበሬ ማሳ ሲዞር ውሎ ጭቃ ይዞ የሚገባ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ስለ ፎቶ ቤቱ አንድም ቀን አንስቼለት አላውቅም፤ ምን ብዬ። አንድ ቀን አሥር ሰዓት ገደማ ትልቁን ልጄን ይዤ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ወደ ደባርቅ የሚሄድ አውቶቡስ ተበላሽቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ጥምጥም የጠመጠመ፣ ጢሙን ያሳደገ መምህር ከአራት ተማሪዎቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እኔ አላወቅሁትም፤ እሱ አወቀኝ። ልሳነወርቅ ነው። ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። ስለ እናቴ ጠየቀ፣ አባቱ ማረፋቸውን ነገረኝ፣ የልጄን ስም ጠይቆ በመስቀሉ ባረከው። ዛሬ የት እንደሚያድሩ ብጠይቀው፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ እንጠለላለን አለ። ደህና ሁኑ ብዬ መጣሁ። ቤቴ ግቡ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

በላይ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ልጁ ነገረው፤ አንድ ሰው እማዬን በስሟ ጠራት፣ ባረከኝ አለው። ማን ነው አለኝ። የአገሬ ልጅ ነው ብል በቂ ነበር፤ ውሸትም አይሆንም። ግን ያን ጊዜ ያ ቀጭን ልጅ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ብዕሩን አስቀምጦ ከወንበሩ ሲነሣ ታየኝ።

«በልጅነቴ እወደው የነበረ ሰው ነው» አልኩት። «በጣም እወደው ነበር።»

በላይ እግሩን ከውኃው አወጣ። «እራት ሳይበላ ምነው ለቀቅሽው?» አለኝ።

ከዚያ መልስ ሳይጠብቅ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ፣ ጋቢውን በትከሻው እየጎተተ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሮጠ። በር ላይ ቆሜ አየሁት። ጋቢው አንድ ጊዜ ወድቆበት ተመልሶ አነሣው። ከአምስቱ እንግዶች ጋር እያወራ፣ የልሳነወርቅን ከረጢት እሱ ተሸክሞ፣ ሲመለስ ገና ፀሐይ አልገባችም ነበር። ባሌን ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።